የአውድማው ነፋስ

መሐንዲሷ ሔለን ወደ አውድማው የወጣችው ጥር አጋማሽ ላይ ነው። ረፋድ ነበር። አብዱልከሪምና ጎረቤቱ ባዬ የተበራየውን ጤፍ መሀል ላይ ሰብስበው፣ ነፋስ እስኪነሳ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል።

አውድማው ከውጫሌ በላይ፣ የአምባሰል ተራራ በስተምሥራቅ ቁልቁል ወደ ቆላው በሚያይበት ጠርዝ ላይ ነው። አሥራ ሁለት አባወራ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተራ ይዞ ይወቃበታል። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሳው ነፋስ ገደሉን ይዞ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ቦታ ነው። ሔለን ይህን አታውቅም። የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ሱቅ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ገባች እንጂ አውድማ ላይ አልዋለችም።

የመጣችበትን ጉዳይ ሳታንዛዛ ነገረቻቸው። መሥሪያ ቤቷ ከነፋስ መብራት ማመንጨት ይቻል እንደሆነ እያጠና ነው። የነፋስ መለኪያ ምሰሶ አላት፤ ግን አንድ ነው። እሱም ወይ እዚህ ጠርዝ ላይ፣ ወይ ከኋላ ባለው የባዬ ጉብታ ላይ ይተከላል። አንድ ዓመት ይለካል። ልኩ ጥሩ ከሆነ ትልልቆቹ ማማዎች የሚቆሙት እዚያው ምሰሶው በነበረበት አካባቢ ነው።

«እዚህ ቢሆን አውድማው ይነሳል?» አለ አብዱልከሪም።

«ሊነሳ ይችላል፣ ጋሼ። አልዋሽዎትም።» ደብተሯን ገለጠች። «ነፋሱስ? እዚህ እንዴት ነው?»

ባዬ አንገቱን ደፍቶ በጭራሮ መሬቱን መጫር ጀመረ። አብዱልከሪም ወደ ቆላው አየ። አንዲት የሣር ዘለላ እንኳ አትወዛወዝም።

«ትንሽ ናት» አለ። «እሷም ስትመጣ ነው።»

ሔለን ጻፈች፤ አመስግና ወረደች።

በዚያ አገር አውድማ ላይ ምርት አይቆጠርም፤ ነፋስም አይመሰገንም። ከተመሰገነ ይኮራል፣ ከኮራ ይቀራል ይባላል። ምርቱ ቁና ቢሆንም ኩንታል ቢሆንም መልሱ «ትንሽ ናት» ነው። የአገሩ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፋል። የሚጽፈው ግን የለም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነፋሱ ተነሳ። አብዱልከሪም በላይዳው እየዛቀ ወደ ላይ ሲበትን ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፤ እብቁ እንደ ጭጋግ በባዬ ራስ ላይ አልፎ ይሄዳል። ባዬ ነጠላውን ከአፉ ላይ ገለጥ አደረገና ሳቀ።

«ምስኪኗን ልጅ ጉድ ሠራሃት!»

«ምን አልኩ? አውድማ ላይ ሌላ ምን ይባላል?»

«እሱስ ልክ ነው።» ባዬ ይህን ሲል ሳቁ ከፊቱ ወረደ። «ብቻ ምሰሶዋን ወደ እኔ ጉብታ ላክኻት። የንብ ቀፎዬ እዚያ ነው፤ ቤቴም ከሥሩ ነው። የነፋሱን ማማ ናዝሬት መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ሰምቼዋለሁ፤ ክንፉ ሲዞር ሹው፣ ሹው ይላል፤ አያርፍም። ነፋስ ቢኖር ደግ፤ እዚያ ጉብታ ላይ ምን ነፋስ አለ? ባሕር ዛፉ ይበላዋል።»

አብዱልከሪም ላይዳውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ፤ ነፋሱ እያለ ሥራ ማቆሙ ልማዱ አልነበረም።

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ለአሲያ ነገራት። እንደ ቀልድ ሊነግራት ነበር የጀመረው። አሲያ አልሳቀችም። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ መብራት የለም ተብላ፣ ስንዴዋን ይዛ ወርዳ ስንዴዋን ይዛ ወጥታለች።

«የአውድማ ወግ ነው ብለህ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እሷስ ታውቃለች?»

«ከየት ታውቃለች!»

«እንግዲያ ወግ አይደለማ፣ ሰውዬ። ወላሂ ውሸት ነው።»

ተኝቶ አሰበበት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ወግ ብቻ ነበር? ልጅቷ «ሊነሳ ይችላል» ካለች በኋላ ነው የተናገረው። የአባቱ ላይዳ፣ የአባቱ መቆሚያ፣ በሬዎቹ ሲዞሩበት ዓመት በዓመት ጠንክሮ እንደ ሸክላ የተወለወለው መሬት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ዳነ። ለዚያ ነው ምላሱ ያልተደናቀፈው። ወጉ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነለት።

በማግስቱ ጠዋት ውጫሌ ወረደ። ሔለንን ያገኛት ወረዳው ግቢ ውስጥ፣ መኪና ላይ ዕቃ ስታስጭን ነው።

«ትናንት ያልኩሽን ሰርዢው፣ ልጄ» አለ። ወጉን ነገራት፤ ከዚያም ከወጉ ጀርባ የነበረውን። «ነፋሱ ያለው እኛ ጋ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚቀርበት ቀን ጥቂት ነው። ባዬ ጉብታ ላይ ብትተክይ ሰውየውን ታውኪዋለሽ እንጂ ነፋስ አታገኚም።»

ሔለን የዕቃውን ማሰሪያ ገመድ ለቀቀችው። «ጋሼ፣ ይህንን የነገሩኝ አውድማዎ እንደሚነሳ እያወቁ ነው?»

«ስለማውቅ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።»

የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አብዱልከሪም ጠየቀ፤ እሷም የምታውቀውን መለሰች። ክረምት ላይ መብራት የሚሰጠው ግድብ ይሞላል፣ ነፋሱ ይደክማል፤ በጋ ላይ ግድቡ ይጎድላል፣ ነፋሱ ይበረታል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይደፍናል። ጭስ የለውም፤ ነዳጅ አይጠይቅም።

«ሲቀርስ? አንዳንድ ቀን ዝም ይላል እኮ።»

«ዝም ሲል ማማውም ዝም ይላል። ነፋስ እንደ ውኃ አይጠራቀምም።»

«ወፎቹስ? ከአርዲቦ ሐይቅ ተነስተው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው የሚሻገሩት።»

ሔለን ቀና አለች። ይህ ደብተሯ ላይ አልነበረም። በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚያልፉ ጠይቃ ጻፈች። «ክንፉ ወፍ ይመታል፤ እውነት ነው» አለች። «መንገዳቸው ከታወቀ ግን ቦታ መቀየር ይቻላል።»

«መብራቱ ለእኛ ይደርሳል ወይስ በላያችን ያልፋል?»

«ወደ ዋናው መስመር ነው የሚገባው። ለእናንተ መንደር ብቻ ብዬ ቃል አልገባም።»

«ጥሩ» አለ አብዱልከሪም። እንዳልዋሸችው ገብቶታል። «እንግዲያ እኔም አንድ ነገር ልለምንሽ። ነፋሱ መጀመሪያ ለእኛ ይድረስ። ማማሽን ከአውድማው በስተምዕራብ፣ ከኋላችን አቁሚው። እኛ ያናፈስንበት ነፋስ አንቺ ጋ ሲደርስ አይጎድልም።»

ሔለን አሰበች። «ከክንፉ በስተኋላ ያለው ነፋስ ይታወካል፤ ከፊቱ ያለው ግን ንጹሕ ነው። ያሉት ያስኬዳል። ግን ስለ ማማው ወሳኟ እኔ አይደለሁም፤ ጽፌ ነው የማቀርበው።»

«ትናንት የእኔን ውሸት ጽፈሽ የለ? ይህችንም ጻፊያት።»

ከሰዓት በኋላ አብራው ወጣች። ባዬ የቀረውን ጤፍ እያናፈሰ ነበር፤ ሲያያቸው በላይዳው ተደግፎ ቆመ። ነፋሱ የሔለንን ደብተር ሊነጥቃት ደርሷል። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እየጮኸች ጠየቀች።

«ጋሽ ባዬ! ነፋሱ እንዴት ነው?»

ባዬ አብዱልከሪምን አየና ከጢሙ ላይ እብቁን አራገፈ።

«ትንሽ ናት፣ ልጄ።»

ሔለን ሳቀች፤ «ብርቱ» ብላ ጻፈች።

ከአውድማው ዳር ወደ ምዕራብ ሰማንያ እርምጃ ለካች። ችካል መታች፤ በድንጋይ አጠበቀችው። «ምሰሶው የሚቆመው እዚህ ነው። የሚመጣው ማማ ግን ከችካሉ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ ዓመቱ ነው የሚነግረን» አለች።

አብዱልከሪም ችካሉን ቆሞ አየው። ባዬ ከወዲያ አንድ ላይዳ ሙሉ ወደ ላይ ወረወረ። እብቁ ተነሳ፣ ሰማንያውን እርምጃ አቋርጦ መጣ፣ ችካሉ ራስ ላይ ጥቂት አራግፎ አለፈ።

«ኧረ ና፣ አብዱልከሪም!» አለ ባዬ። «ነፋሷ ሳትሄድብን!»

አብዱልከሪም ጋቢውን ወገቡ ላይ አሰረና ሄደ። ላይዳውን አንስቶ አባቱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆመ።