ቀለሙ እስኪደርቅ

የእናቴን መኝታ ክፍል ያሳመርኩት ሞት ለመደበቅ ነው። አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል። ክፍሉን ያየ ሁሉ «እንዴት ያለች ልጅ ወልደዋል!» እያለ ሲያሞግሰኝ ከርሟል፤ እኔም አፍሬ ዝም እንደማለት ፈገግ ስል ከርሜያለሁ።

ሰኔ አሥራ አራት ቀን ማለዳ እትዬ አፀደ በተኙበት አረፉ። የእማዬ የአርባ ዓመት ጓደኛ ናቸው፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ጠዋት ጠዋት ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ የእማዬን መስኮት በምርኩዛቸው ቆርቆር ያደርጉና «ተናኘ፣ አለሽ?» ይላሉ። እማዬ ካልጋዋ ሳትነሳ «አለሁ፤ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው!» ትላለች። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል የአሰላን ሰው በመስኮት ያሙታል።

ሁሩታ ለሚኖረው ወንድሜ ለዘሪሁን ደወልኩለት። ትንሽ አለቀሰና ወዲያው «እማዬ እንዳትሰማ!» አለ። ሐኪሟ ልቧ ድንጋጤ አይችልም ብሎናል። «የእድሩ ጥሩምባ ሳይነፋ ይዘሻት ነይ። ክፍልሽ ቀለም ሊቀባ ነው በያት። ቀለሙ እስኪደርቅ እኔ ጋ ትቆያለች።»

ጋቢ ደራርቤላት በኮንትራት መኪና ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ «በሰኔ ዝናብ ምን የሚሉት ቀለም ነው?» እያለች አጉረመረመች። ስመለስ ከአጥሩ ማዶ ድንኳን እየተተከለ ነበር።

ውሸቱ እውነት እንዲመስል ክፍሉ መቀባት ነበረበት። ገረሱ የሚባሉ ቀለም ቀቢ ጠራሁ። እዚህ ላይ ነው ጉዴ። ለይስሙላ አስቀብቼ መተው ስችል ነገሩ ጣመኝ። ስልኬ ውስጥ ስንት ዘመን ያጠራቀምኳቸው የመኝታ ቤት ፎቶዎች አሉ፤ ሁሉም ጸጥ ያሉ፣ ሁሉም ሰው ያልተኛባቸው የሚመስሉ። የዛገውን የብረት አልጋ አስወጣሁ። ያለፈባቸውን ካላንደሮች ከግድግዳው ነቃቀልኩ። ጥግ ላይ የነበረውን የገብስ ጆንያ ወደ ጓዳ አባረርኩት። ነጭ አንሶላ፣ አዲስ ኮሞዲኖ፣ ደብዘዝ ያለ መብራት፣ ወፍራም ምንጣፍ አስገባሁ። አዲሱን አልጋ ከመስኮቱ አርቄ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጋሁት። ማዶ ሙሾ ሲወርድ እኔ ከገረሱ ጋር «ሰማያዊው ይሻላል፣ አይ ግራጫው» እያልኩ እከራከር ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር።

እማዬ በሳምንቱ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን ቃኘችና፣

«ሆቴል አስመሰልሽው እኮ፣ ኤፍራታ» አለች።

«እንድታርፊበት ነው፣ እማዬ።»

«እሺ፤ እናርፋለና።»

በማግስቱ ጠዋት ጠራችኝ። «አፀደ አልመጣችም?»

«ዴራ ወርደዋል፣ እህታቸው ጋ። ብርዱ እስኪያልፍ ቆላው ይሻላል ተብለው።»

«ሳትሰናበተኝ?»

ሻይዋን ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

ጎረቤቱ ሁሉ ተነግሮታል፤ ጥቁር የለበሰ ሰው እማዬ ዘንድ አይገባም። የእትዬ አፀደ ልጅ ዘመናይ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ስለለበሰች ቀረች። የእማዬ የማኅበር ጓደኞችም መዋሸቱ ሲከብዳቸው አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። እማዬ ያንን ነጭ አንሶላ ለብሳ ኮርኒሱን እያየች ትውላለች። ከመንገድ የሚገባ ድምፅ የለም፤ እንዳይገባ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ ሲጋመስ ጥያቄዋ ቅያሜ ሆነ። «ምን በድያት ነው? ማኅበሩ ላይ ጠላሽ ቀጠነ ብያታለሁ፤ ያንን ይዛብኝ ነው?» ሌላ ቀን ደግሞ «ድሮም ኩሩ ናት!» ትላለች። እኔ ትራሷን አስተካክዬ እወጣለሁ።

ነሐሴ ገባ። እማዬ በየዓመቱ በፍልሰታ ትቆርባለች። ዘንድሮ ግን ለንስሐ አባቷ ለአባ ኃይለመስቀል «ቂም ይዤ አልቆርብም» አለቻቸው። አባ የእትዬ አፀደን ፍትሐት ያደረሱት ራሳቸው ናቸው። ሲወጡ ደጅ ላይ አቆሙኝና «ልቧን እንጠብቃለን ብላችሁ ነፍሷን ጎዳችኋት፤ ንገሯት» አሉኝ።

ለዘሪሁን ስነግረው «እንግዲያው በሥርዓቱ ትረዳ፤ እሑድ በማለዳ ዘመድ ይዤ እመጣለሁ» አለ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤላት ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«አፀደን ስታገኚያት ንገሪያት» አለችኝ። «ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም።»

«እማዬ፣ በናትሽ ተዪ…»

«ንገሪያት ብያለሁ!»

«እትዬ አፀደ ተቀብረዋል!»

አመለጠኝ። ትወድቃለች ብዬ ሮጬ ያዝኳት፤ አልወደቀችም።

«መቼ?»

«ሰኔ አሥራ አምስት።»

«እኔ ሁሩታ ሳለሁ።» ዓይኗን ግድግዳው ላይ አዞረች። «ይሄ ሁሉ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ለካ ቀብሯ ላይ ያልቆምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ ሙት ስቀየም እየሰማሽ ዝም አልሽኝ?»

ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከአልጋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ያ ክፍል ከተሠራ የመጀመሪያው ድምፅ ያ ነው። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

«አንቺስ? በእኔ ፈንታ ቆመሽላታል?»

የቀብሩ ዕለት፣ እትዬ አፀደን በመልክ እንኳ የማያውቁት ገረሱ ቡሩሹን ውሃ ውስጥ ነክረው «የጎረቤት ቀብር አይታለፍም» ብለው ሄዱ። ለቀለሙ የሚስማማ መጋረጃ አሰላ ውስጥ አጣሁ ብዬ እኔ አዳማ ወርጄ ነበር። ለቀብሩ እደርሳለሁ ብዬ ነበር፤ አልደረስኩም።

«ቆሜያለሁ» አልኳት።

«ተባረኪ!» ብላ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ። «ተባረኪ፣ ልጄ።» ይቅርታዋን ያገኘሁት በዚህ ነው።

ወዲያው ዘመናይን አስጠራች። ዘመናይ በጥቁር ልብሷ ገባች፤ ምንጣፉ ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ለቅሶው ጋብ ሲል እማዬ በእጇ ወደ እኔ አመለከተች።

«እኔ ባልኖር ኤፍራታ ቆማልኛለች። እሱ አጽናናኝ።»

ዘመናይ ቀና ብላ አየችኝ። እናቱን የቀበረ ሰው ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን አይረሳም። ዓይኔን ሰበርኩ።

«አዎ፣ እማማ ተናኘ» አለች የእናቴን እጅ እያሻሸች። «አጠገቤ ነበረች።»

እማዬ በፍልሰታ ቆረበች። እኔ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ ጠበቅኳት።