እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ

ፔሌናይሴ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከቫቫኡ ደሴት ሆስፒታል ሲወጡ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። አሥር ሳምንት ሙሉ ፊዚዮቴራፒ ያሠራቻቸው ሂንጋኖ በመጨረሻው ቀን ልጃቸውን ሌሲኤሊን ወደ ጎን ጠራቻት።

"የእኔ ሥራ እዚህ አበቃ፤ የአንቺ ገና መጀመሩ ነው። በየቀኑ ምንጣፍ መታቻው ቤት ድረስ በእግራቸው ይሂዱ። ከወንበር አሥር ጊዜ ይነሡ፣ አሥር ጊዜ ይቀመጡ። ቢያማርሩም እንዳትሰሚያቸው።"

"ኧረ እኔ እያለሁ!" አለች ሌሲኤሊ። አምስቱ ወንድምና እህቶቿ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ናቸው፤ እናቷን የያዘችው እሷ ብቻ ነች።

ሦስት ሳምንት ቃሏን ጠበቀች። እናትየው በምርኩዝ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው ምንጣፍ ከሚታቱበት ቤት ይደርሳሉ። አብሮ አደጋቸው ካሎላይኔ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው "መጣች ሙሽሪት!" ይላሉ።

"ሙሽራው የታለ ታዲያ?" ይመልሳሉ ፔሌናይሴ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ግን የፓስተሩ ሚስት፣ ሰው እየሰማ፣ "አንቺ ሌሲኤሊ፣ እናትሽ ስድስት ልጅ የወለዱት በስተርጅና በፀሐይ ሊንከራተቱ ነው እንዴ? ደግ አይደለም" አለቻት።

ሌሲኤሊ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያን ቀን ወዲህ ውኃውን እሷ ታቀርባለች፣ ምግቡን እሷ ታጎርሳለች፣ ለምንጣፍ የሚታታውን ቅጠል እቤት ድረስ ታመጣለች። እናቷ ብድግ ሊሉ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ፣ "እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ። እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት?" ትላቸዋለች።

"ኧረ ልጄ፣ ካሎላይኔ ትጠብቀኛለች።"

"እሳቸው ይምጡ።"

ካሎላይኔ አንድ ሁለቴ መጡ። እሳቸውንም ጉልበት ያማቸዋልና ቀሩ። ፔሌናይሴም መለመኑን ተዉት።

ከሆስፒታል በወጡ በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ከወንበራቸው ሊነሡ ቢሞክሩ እግራቸው እምቢ አለ። ሌሲኤሊ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርጋ ብታይ፣ ጭናቸው ከስቶ የእሷን ክንድ አክሏል። ሂንጋኖ ተጠርታ መጣች፤ እግራቸውን ዳበሰች፤ የሆነውን ሁሉ ሰማች፤ አልተቆጣችም። ለሌሲኤሊ ቁጣው ይሻላት ነበር።

"እንደገና እንጀምራለን" አለች ሂንጋኖ። "እንደ ድሮው ግን አይፈጥንም።"

ጀመሩ። መጀመሪያ ሦስት እስኪቆጠር መቆም ብቻ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ እስከ በሩ። በሁለት ወር በረንዳው ላይ ብቅ ሲሉ ፔሌናይሴ ባሕሩን ቃኝተው፣ "እኔ ስጠፋ ደርቆ ይሆናል ብዬ ነበር እኮ" አሉ። እናትና ልጅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ዝናቡ ሲገባ የሳንባ ምች ያዛቸው። አሥር ቀን አልጋ ላይ ዋሉ። በስንት መከራ ያገኟት ያቺ አቅም በዚያው ሄደች፤ ዳግመኛም አልቆሙም። አንድ ማታ ሌሲኤሊ እግራቸውን በኮኮናት ዘይት እያሸች፣ "እማዬ፣ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ" አለቻቸው።

"ወደሽኝ ነው።" ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና፣ "መሄድ ግን አምሮኝ ነበር" አሉ።

በዚያው ሳምንት አረፉ።

ከቀብር መልስ ሴቶቹ ሌሲኤሊን አቅፈው፣ "ምን ያለች ልጅ! እግራቸውን መሬት አላስነካችም እኮ" እያሉ አመሰገኗት። ሌሲኤሊ ከእቅፋቸው ወጣች። ወደ ጓሮ ዞረችና ቢላዋ አንሥታ ለለቀስተኛው የሚቀቀለውን ካሳቫ መላጥ ያዘች።