ግድግዳ የወጣው ፈሳሽ

በመሥሪያ ቤቱ «በረዶዋ» ይሏታል። አሥራ ሁለት ዓመት ፈሳሽ ናይትሮጅን ስትቀዳ ጣቷን እንኳ ያልተለበለበች፣ ሰው ሲንጫጫ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ቴክኒሻን ናት። የምትሠራው ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ግንብ ውስጥ ነው። አየሩ ተመጥጦ ወጥቶ ከአናቱ ዕቃ ሲለቀቅ፣ ዕቃው እስኪያርፍ ድረስ ለአምስት ሰከንድ ያህል ክብደት አልባ ይሆናል።

የዚያን ቀን የሚለቀቀው ዋና መሐንዲሱ የነደፉት የብርጭቆ ታንክ ነበር። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ «ጋሼ» ትላቸዋለች። በጣም የቀዘቀዘ የመንኮራኩር ነዳጅ የሚይዘው ትልቁ ታንክ ከመሠራቱ በፊት ይህ ትንሹ መፈተን ነበረበት። ሌሎች መውጫው ላይ ፈሳሹን ይዞ ጋዝ የማያሳልፍ ወንፊት ያስገባሉ፤ ጋሼ ግን «ትርፍ ሸክም ነው» ብለው አስወጥተውታል። በእሳቸው ስሌት ፈሳሹ ከመውጫው አይርቅም።

ጓንቷን አጥልቃ ናይትሮጅኑን ቀዳች። መጀመሪያ ተንጨረጨረ፤ ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ ጸጥ አለ። ታንኩን ከነካሜራው ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ለቀቀችው።

ቀረጻውን በዝግታ አዩት። ፈሳሹ ክብደቱ እንደለቀቀው ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ ወጣ፤ ጣሪያውንም አለበሰው። መሃል ላይ አንድ ትልቅ የጋዝ አረፋ ቀረ። ግድግዳው ላይ የፈሉት ትንንሽ አረፋዎች ወደ ላይ መሄድን የረሱ ይመስል ከተፈጠሩበት አልተነቃነቁም። የመውጫው ቫልቭ ሲከፈት ትልቁ አረፋ ተስቦ ገባና ቧንቧው በፈሳሽ ፈንታ ጋዝ ጠጣ።

«ሳጥኑ ዘንበል ብሎ ይሆናል» አሉ ጋሼ።

«ይሆናል» አለች። ደገሙት፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ሙከራ ቧንቧው ጥቂት ፈሳሽ አገኘ።

«ይኸው! ሪፖርቱ ላይ ይቺን አስገቢያት።»

«ሦስቱንም ነው የማስገባው ጋሼ።»

«እኔ እኮ ነኝ የምልሽ!»

«ሞተሩ እዚያ ሕዋ ላይ ጋዝ ቢጠጣ ማን ወጥቶ ያስተካክለዋል?»

ጋሼ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ ዓይነት ሰው ናቸው። ቁጣቸውን ስትጠብቅ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም ነበር። እሳቸው የመጀመሪያውን ቀረጻ መልሰው ከፈቱት።

«ብርጭቆውን እንዴት እንደተጣበቀው አየሽ?» አሉ። «እኔ ያሰብኩት እንደ ውሃ ነው። ይሄ ግን ጠብታ መሆን አያውቅም።»

እስክሪብቶ ተቀበሏትና ሪፖርቱ ላይ በገዛ እጃቸው «ንድፉ አይሠራም» ብለው ፈረሙበት። ሳይሰናበቷት ወጡ፤ ከዚያ ወዲያም ምሳ አብረዋት መብላት ተዉ።

ከሁለት ወር በኋላ ወንፊት የገባበት ታንክ ተለቀቀ። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ፈሳሽ ብቻ ሳበ። ጋሼ ቀረጻውን ሁለቴ አይተው «ደህና ነው» ብለው ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሳህናቸውን ይዘው መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ከተኳረፉ ወዲህ እንዲህ ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ነበር።