ወረፋ ላይ የቀረው ማስጠንቀቂያ

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ፖስተኛው ይሉታል፤ ደብዳቤ ስለሚያድል ሳይሆን የኢሜይል ሰርቨሩን የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለክሊኒኮች መድኃኒት ያከፋፍላል። ጠዋት ዋናዋ ፋርማሲስት በአንድ የሕፃናት ትኩሳት ሽሮፕ ላይ ስህተት አገኘች፤ ጠርሙሱ የልጅ ይላል፣ ውስጡ ያለው ግን የአዋቂ መጠን ነው። ሽሮፑን ለማንም እንዳይሰጡ ወዲያው ለክሊኒኮቹ ሁሉ ጻፈች። ኮምፒውተሯ «ተልኳል» አላት፤ እሷም አመነችው። ማን አያምንም?

ከምሳ በኋላ አንድ ክሊኒክ ያንኑ ሽሮፕ ጨምሩልን ብሎ ጻፈ።

ፋርማሲስቷ ፊቷ አመድ መስሎ ፖስተኛው ክፍል ገባች። እሱ መጀመሪያ አልደነገጠም። ኢሜይል ከጠዋት ጀምሮ ሲገባ ስለዋለ ሁሉም ነገር ደህና መስሎት ነበር። ሲያየው ግን ገቢው ይገባል እንጂ ወጪው አይወጣም፤ መልእክቶቹ በሙሉ ወረፋ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። የመላኪያውን ፕሮግራም መልሶ አስነሳው፤ ትንሽ ሄደና ቆመ። ደግሞ አስነሳው፤ ደግሞ ቆመ።

ወረፋውን ሲያገላብጥ የሰፈሩን ክሊኒክ አድራሻ አየ። ባለቤቱ ትኩሳት የያዛትን ልጃቸውን ይዛ ጠዋት የሄደችው እዚያ ነው። «ልጄም እዚያ ሄዳለች» አለ ለፋርማሲስቷ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን ተረት በሥራው ሲኩራራ ይተርተው ነበር። አሁን ትዝ ሲለው ምላሱን ነክሶ መቁረጥ አማረው።

ፈራ። ዕድሜ ልኩን ፈርቶ የማያውቅ እስኪመስለው ድረስ ፈራ። የፈራ ሰው የለመደውን ይይዛልና እሱም የያዘው ኪቦርዱን ነው። አስነሳ፣ ቆመ፤ አስነሳ፣ ቆመ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። በመጨረሻ እጁን አሳርፎ ሰርቨሩ የመዘገበውን ስህተት ሲያነብ ነገሩ ተራ ሆኖ ተገኘ፤ የወጪው መልእክት ዲስክ ሞልቶ፣ መላኪያው የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ ነው የሚወድቀው። ማንም የማይፈልጋቸውን አሮጌ ፋይሎች ጠራርጎ አስነሳው። ወረፋው መፍሰስ ጀመረ።

«ወጣ፣ እትዬ። ሁሉም ወጣ» አለ።

እሷም እስካሁን እንደሱ ማሽኑ ላይ አፍጥጣ ቆማ ነበር። እንደ ባነነ ሰው ቀና አለች።

«አሁን ማን ያነበዋል? ምን ነካን፣ ስልክ እያለ? ቤትህ ደውል።»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ያነሳችው በሹክሹክታ ነው።

«ቀስ በል፣ ገና አሁን ነው የተኛችው። ሽሮፑ ተስማማት መሰለኝ፣ ድምፅም የላት።»

«ቀስቅሺያት» አላት። «አሁኑኑ ቀስቅሺያት።»

ልጅቱን ስትጠራት ሰማ። በቀስታ ጠራቻት፤ ከዚያ ጮክ ብላ፤ ከዚያ ድምፅዋ እየተሰበረ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። በመጨረሻ ልጅቱ አለቀሰች፤ እንቅልፏን እንደቀሟት ልጅ በእልህ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ሽሮፑን ዳግመኛ እንዳትሰጣት፣ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ሆስፒታል እንድትከንፍ ነገራት።

ፋርማሲስቷ የጠረጴዛውን ስልክ ወደሱ ገፋችለት።

«ያንተዋ ነቅታለች» አለችው። «የሰውን ልጆች ደግሞ እንቀስቅስ።»

ተነስቶ የአንዱን ክሊኒክ ቁጥር መታ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ የሚያነሳው ግን አልነበረም።