የሾፌሩ ባሕር

አውቶቡሱ ኮረብታውን ጨርሶ ቁልቁል ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮቱ ተንጠራራ። እሷ ግን ዓይኗን ከባሏ ፊት አልነቀለችም። ዕድሜ ልኳን የተመኘችው ባሕር ከታች ተዘርግቶ ሳለ፣ እሷ የምትጠብቀው ባሏ ፊት ላይ የሚያልፍ ድንጋጤ ነበር።

ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጓደኞቹ «ራዲዮ» ይሉታል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። እሷ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በቤተ መጻሕፍት ሠርታለች። በየጉዞው ከስንቁ ጋር አንድ መጽሐፍ ትሸጉጥለት ነበር። «እኔና ፊደል ሆድና ጀርባ ነን» እያለ ይስቅባታል፤ ሲመለስ ግን ስለ ባሕሩ ያወራላታል። ጎህ ሲቀድ ወተት እንደሚመስል፣ ሲመሽ ደግሞ መርከቦቹ መብራታቸውን አብርተው ውሃውን ሌላ ከተማ የበቀለበት እንደሚያስመስሉት። እያዳመጠችው እንቅልፍ ይወስዳታል፤ በሕልሟም ትቀጥለዋለች። ከዚያች አልጋ ሳትወርድ ስንት ወደብ አይታለች!

«ውሰደኝ» ስትለው ግን ራዲዮው ጣቢያ ይጠፋበታል። ዘንድሮ መንገዱ ተበላሽቷል፤ ለከርሞ ይሁን። ከርሞም ይመጣና ያልፋል። እህቷ «ሾፌር በየከተማው ጎጆ አለው፤ የዋህ አትሁኚ» ካለቻት ወዲህ ነገሩ ሆዷ ገባ። ዛሬ ቲኬቱን ራሷ ቆርጣ አመጣችው። አንዲት ሴት በቁልምጫ ብትጠራው፣ አንድ ልጅ የእሱን አፍንጫ ይዞ ብቅ ቢል፣ ብቻዋን ወደ ቤቷ ልትመለስ ቆርጣለች።

ከመናኸሪያው ወጡ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ጥግ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ማንም ቀና ብሎ ሰላም አላለውም። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ሲደርሱ ባሏ ቆሞ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ወደ አንዱ ሽማግሌ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ወደ ውሃው በየት ነው?»

ዞራ አፈጠጠችበት። ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት ከተማ!

አሸዋው ላይ ሲደርሱ ራዲዮው ጭራሽ ተዘጋ። አፉን ከፍቶ ቆመ። ማዕበሉ ወደ ጫማው ሲመጣ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለና ክንዷን ያዘ። ያኔ ገባት። ሌላ ሴት አልነበረችም። ባሕሩም ራሱ አልነበረም።

«መጥተህ አታውቅም» አለችው።

«የምናራግፈው ከኮረብታው ማዶ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል። «ከዚያ ሌላ ጭነት፣ ሸራ ማሰር፣ መመለስ።»

«ያ ሁሉ ወሬስ፣ አንተ ሰውዬ?»

«ያንቺው መጽሐፎች ናቸዋ። መኪናው እስኪጫን አነባለሁ። በር ላይ ቆመሽ ‹ባሕሩ እንዴት ነበር?› ስትዪኝ፣ መጋዘን አየሁ ልበልሽ?»

እነዚያን ገጾች እሷም አንብባቸው ነበር። በእሱ አፍ ሲመጡ ግን አላወቀቻቸውም። ተናደደች፤ በከንቱ የጠረጠረችባቸው ዓመታት አሳፈሯት፤ ሳቋም መጣ። የትኛው እንደቀደመ እንጃ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እሱ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ማታ ማታ የምነግርሽ የለኝም» አለ።

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ በሌላው ባሏን ወደ ውሃው ጎተተችው። ውሃው እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ የትኛውም ገጽ አልነገራቸውም ነበር፤ ሁለቱም እኩል ጮኹ።