ሁለት ስብራት፣ አንድ ከበሮ

የሞጣው ከበሮ ሠሪ አዲሱን ቆዳ ወጥሮ ሲጨርስ ከበሮውን በአንዲት ጣቱ ብቻ ነካ አደረገው። ዐባይ ገደል ያሉት ዝንጀሮዎች በሙሉ ብድግ ብለው ቆሙ። ይህን ቀኝጌታ ፋንታ በዓይናቸው አይተዋል። ዐባይ ከሞጣ መሐል ከተማ አይታይም የሚል ካለ፣ ዓይኑን ይታከም።

ከበሮው የቢቸና ነው፤ ለነገው ንግሥ ተፈልጓል። የደብሩ አለቃ «ከሞጣ ያመጣው እሱ ይመታዋል» ብለው ስለነበር፣ ቀኝጌታ ፋንታ ዶሮ ሳይቀድማቸው የቢቸና መናኸሪያ ደረሱ። ግራጌታ አካለ ወልድ ግን ከዶሮም ከፋንታም ቀድመው የሚኒባሷ የፊት ወንበር ላይ ተሰይመው ቆዩዋቸው። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ያለውን የማኅሌት ረድፍ ይመራሉ፤ በከበሮ የተነሣ ግን «እንዴት አደሩ» ሲባባሉ እንኳ ጥርሳቸው ይፋጫል። ስለዚህ ከሞጣ ሲመለሱ ከበሮው ግማሹ በአንዱ ጭን፣ ግማሹ በሌላው ጭን ላይ ተኝቶ ነበር። እንቅልፍ ያሸለበው ይሸነፋልና ማንም አላሸለበም።

ቢቸና ሊገቡ ሲሉ አንዲት አህያ መንገዱ መሐል ቆማ ታስባለች። ይታያል የሚባለው ሾፌር ለእሷ ብሎ መሪውን ጠመዘዘ፤ ሚኒባሷም ቦይ ገብታ በጎኗ ጋደም አለች። «ጋደም» የሚለው የትራፊክ ፖሊሱ ቃል ነው። እንደ ቀኝጌታ ፋንታ ከሆነ ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ፀሐይም ለጥቂት ጊዜ ከጫማቸው ሥር ወጥታ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ የወንበር ብረት ሲጨብጥ፣ ሁለቱ ግን አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ ከበሮውን አቀፉ። ሌላው ሁሉ በድንጋጤ ብቻ ተረፈ። ከበሮውም ጭረት አልነካውም። የቀኝጌታ ቀኝ የእጅ አንጓና የግራጌታ ግራ ክንድ ግን ወዲያው ዱባ አከሉ።

«አባቶቼ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ!» አለ ይታያል። «ራሳችሁን ያዞራችኋል? ያስመልሳችኋል? እጃችሁን እንዳትስቡት፣ በነጠላ አስረን ወደ ሆስፒታል ነው።»

«ለዚች?» አሉ ፋንታ ላባቸውን በግራ እጃቸው እየጠረጉ። «እኔ በልጅነቴ ከዋርካ ወድቄ የተሰበረው ዋርካው ነው!»

«እኔማ ድሮም ደኅና ነኝ» አሉ አካለ ወልድ። «ቀኝጌታ ግን ፊታቸው ዐመድ መስሏል። በሉ እሳቸውን አድርሱልኝ፣ እኔ ከበሮውን ይዤ በእግሬ እደርሳለሁ።»

ፋንታ ነገሩ ገባቸው። «እንዴት ተደርጎ! እርስዎን ጥዬ ብሄድ ምን እባላለሁ? እርስዎ ይታከሙ፣ ከበሮውን እኔ እይዛለሁ።»

ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ሆስፒታል ደረሱ፤ ሦስተኛው ከበሮው ነው።

ተረኛዋ ነርስ ሊድያ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። «ከሁለታችሁ የባሰበት ማነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ፋንታ ጨመሩበት፦ «እናንተስ? ቤተሰብ? ከብቱ?»

«ከብት የለኝም አባቴ። እጅዎ ግን ብቻውን ሁለት እጅ አክሏል። ይግቡ።»

ፋንታ ከወንበሩ ብድግ ሊሉ ነበር፤ የአካለ ወልድ ደኅነኛው እጅ ወደ ከበሮው ማንገቻ ሲንፏቀቅ አዩና ተመልሰው ዝርፍጥ አሉ። «ግራጌታ ይቅደሙ። ታላቅ እያሉ እኔ አልገባም።»

«ማነው ታላቅ? እኔ ፊደል ስቆጥር እርስዎ ጢም ነበረዎት!»

«እርስዎ ደግሞ ያኔውኑ ሽበት!»

«በሞቴ ይግቡ!»

«በሞቴ ካሉማ እርስዎ ይግቡ፤ እኔ ሰው አልገድልም!»

እንዲህ ሲባባሉ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ታክሞ ወጣ፤ አንዲት ነፍሰ ጡርም ገብታ ልጅ ታቅፋ ወጣች። እርግጥ ነው፣ ልጁ የእኅቷ ነው የሚሉ አሉ።

ሊድያ ተመልሳ የፋንታን እጅ አየች። «ጣትዎን ያንቀሳቅሱት እስቲ።»

«ዐርፎ ነው፣ ተይው።»

«ደንዝዟል እንጂ አላረፈም! ደም በደንብ ካልደረሰው እጅዎ አደጋ ላይ ነው። እንኳን ከበሮ ጉርሻም አያነሣ።»

ፋንታ ወደ እጃቸው አቀረቀሩ። ያለዚህ እጅ ምን ናቸው? ቢሆንም ከበሮውን አዩት፤ ግራጌታን አዩዋቸው፤ አልተነሡም። ሊድያም ዓይናቸው የሚሄድበትን ተከትላ አየች። ከበሮውን ከወንበሩ አንሥታ፣ አዝላው ይዛ ገባች።

ሁለቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ተከተሏት። በሩ ለአንድ ሰው የተሠራ ስለሆነ መሐሉ ላይ ተሰነቀሩ፤ ያሰሙት ጩኸት የጁቤ ከተማ ድረስ ተሰምቶ ገበያ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ከበሮው የምርመራ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ቆመው ታከሙ።

ራጅ ተነሡ፤ ሁለቱም ስብራት ተገኘባቸው። ሐኪሙ ጀሶውን እያሰረ «በዚህ እጅ አጥንቱ እስኪገጥም ምንም መምታት የለም» አለ። ፋንታ ልባቸው ወደቀ። ለግራጌታም ያንኑ ሲላቸው ግን ትንሽ ተነሣ።

ደጁ ላይ ከበሮውን መሐላቸው አድርገው ተቀመጡ።

«እንግዲህ ያ ወጣቱ መዘምር ውበቴ መምታቱ ነው» አሉ አካለ ወልድ በመጨረሻ።

«ውበቴ?» ፋንታ ዘለው ተነሡ። «እሱ እኮ ከበሮ አይመታም፣ እንጨት ይፈልጣል! ባለፈው ዓመት ሲመታ የማር ቀፎ ሁሉ ባዶ ቀረ፣ ንቡ ተሰደደ!»

ተያዩ። ፋንታ የተረፋቸው ግራ እጅ ነው፤ አካለ ወልድ ቀኝ እጅ። ከበሮ ደግሞ ሁለት አፍ አለው።

በማግስቱ ታቦቱ ሲወጣ ከበሮው በሁለት ማንገቻ በሁለት አንገት ተንጠልጥሎ ወጣ። ቀኝጌታ ከቀኝ፣ ግራጌታ ከግራ፣ ነጫጭ ጀሷቸው ወደ ውጭ፣ ደኅነኛ እጃቸው ወደ ውስጥ። የአካለ ወልድ ሰፊው አፍ ዱም ሲል የፋንታ ጠባቡ ትንሽ ዘግይቶ ጠብ ይላል።

«ፈጠንክ!» አሉ ፋንታ በጥርሳቸው መሐል። «እርስዎ» መባባል ትናንት በሩ ላይ ቀርቷል።

«አንተ ነህ የተኛኸው! ምታ!»

«ረግጠኸኛል!»

«ታዲያ እግርህን ከእኔ እግር ሥር ምን አስገባው?»

መዘምራኑ እግራቸውን ከየትኛው ጋር እንደሚያነሡ ጨንቋቸው ባንዱ ዱም፣ ባንዱ ጠብ እያሉ ሲያሸበሽቡ፣ ሕዝቡ እንዲህ ያለ ወረብ አይቶ አያውቅምና በእልልታ አበደ። ደመና ተሰነጠቀ፣ የቢቸና ጣሪያ ቆርቆሮ ሁሉ አብሮ አጨበጨበ። ቀኝጌታ ፋንታ ከጭብጨባው የበለጠው ድርሻ የማን እንደሆነ ለማንም መንገር አላስፈለጋቸውም፤ ቢሆንም ለሁሉም ነገሩ።

አለቃው ዕንባቸውን እየጠረጉ ቀረቡ። «ልጆቼ፣ ዘንድሮ ደብራችን ከበሮ ሰማ። በሉ፣ ጀሶው ቢፈታም ከእንግዲህ ወዲያ ሁልጊዜ እንዲሁ አብራችሁ ነው።»

ቀኝጌታ ፋንታን እጃቸውን የእውነት ያመማቸው ያን ጊዜ ነው።