መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ የመካነ ሰላም ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። አገር በረሃብ ሲያልቅ እንኳ ከቤታቸው ቅቤ አልጠፋም። ታዲያ እሳቸውን የሚጥላቸው ጥጋብ ሆነ፤ ቅባት በበሉ ቁጥር ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ተነሥቶ ትከሻቸውን ሰቅዞ የሚይዝ ሕመም።

ምግቡን የምትሠራው ምራታቸው ሐረግ ናት። ባሏ አጥናፉ ዘምቷል፤ ወገኖቿ እዚያው አገር፣ ማሻ በምትባል መንደር በረሃቡ አልቀዋል።

“መድኃኒት እያበላችኝ ነው። ቤቴን መውረስ አማራት” ብለው ጠረጠሩ። ወጥ ሲቀርብ “መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው” ማለት ያዙ። ቀምሶ ማቅረብማ ወግ ነው፤ እሳቸው ግን ዓይን ዓይኗን እያዩ ነበር። ሐረግ ትቀምሳለች፤ ምንም አትሆንም። እሳቸው ይታመማሉ። “ማርከሻውን ቀድማ ትጠጣለቻ!” ለተጠራጠረ ሰው መልስ መቼ ይጠፋል?

ዐቢይ ጾም ገባ። ሽሮና ጎመን ሲበሉ ከርመው አንድም ቀን አላመማቸውም። “በጾምማ እግዜርን ትፈራለች” አሉ። በፋሲካ ዶሮ ወጥ ቀምሰው መሬት ላይ ተንከባለሉ። በማግስቱ ሐረግን አባረሯት።

“እትዬ፣ ወላሂ እኔ የለሁበትም!” አለች እያለቀሰች። በሩን ዘጉባት።

በሳምንቱ ግን በገዛ እጃቸው የሠሩት የቅቤ ፍርፍር ጣላቸው። ጎረቤቶች ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሐኪሙ ሆድ ዕቃን አጉልቶ የሚያሳይ ክኒን አስውጦ ራጅ አነሣቸውና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ አሳያቸው።

“የሐሞት ጠጠር ነው። ቅባት ሲበሉ ይቀሰቅሰዋል።”

“ማን አበላኝ?”

“ማንም። እዚያው ውስጥዎ ነው የተሠራው፤ ዓመታት ወስዷል።” ለኦፕራሲዮን ቀጠራቸው፤ እስከዚያ ቅቤ እንዳይነኩም አስጠነቀቃቸው።

ዓመታት! ሐረግ ቤታቸው ከገባች ዓመት አልሞላትም። በኀፍረት አቀረቀሩ።

ሲመለሱ ወረኢሉ፣ የተራቡ ሰዎች መጠለያ ውስጥ፣ ከስታ አገኟት። እዚያው ካረፉበት ቤት በቅቤ የራሰ ገንፎ ሠርተው ወሰዱላትና ፊቷ ተንበረከኩ።

“በድዬሻለሁ። ብዪ ልጄ።”

ሐረግ ምራቋን ዋጠች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም። “መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱት፣ እትዬ።”

ሐኪሙ ያለው ትዝ አላቸው። ገንፎውን በቅቤው አጥቅሰው ጎረሱ። ሐረግ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ብዙ ቆየች፤ በመጨረሻ መብላት ጀመረች። ይኼኔ ሕመሙ ከጎድናቸው ሥር ተነሣ። ላብ አጠመቃቸው።

የሐረግ እጅ ገንፎው ላይ ቀረ። “ምን ሆኑ?”

“ፀሐዩ ነው” አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። “ብዪ፣ ልጄ።”